ፎጣውን የሚያጠቁረው ድስት፦ የብረት ዕቃን ጥቁረት እንዴት እናስለቅቃለን?

ድስቱ ታጥቧል፣ ተለቃልቋል፣ ያብረቀርቃል። በነጭ ፎጣ ልታደርቁት ስትሉ ግን ፎጣው ላይ እርሳስ የነካው የሚመስል ግራጫ ዱካ ይቀራል። እንደገና ታጥቡታላችሁ። እንደገና ይለቅቃል። ሦስተኛው ላይ ሰው ወይ ዕቃውን ይጥላል፣ ወይ ሽቦ አንስቶ እልህ ይጋባል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ ሁለቱም አላዋጡኝም።

ጥፋቴ ጥቁር የሆነውን ሁሉ አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር። ጥላሸት አለ። ያረረ ምግብ አለ። የተቃጠለ ዘይት አለ። ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ቅሪት አለ። ብረቱ ራሱ ከውሃና ከሳሙና ጋር ተዋህዶ የሚያመጣው ጥቁረት ደግሞ አለ። አንዱን የሚያጸዳው ነገር ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ ሳሙናው ይቆየን።

1. ዕቃው ከምን እንደተሠራ እወቁ

ማግኔት ካላችሁ አምጡ። ለመጠኑ ቀለል የሚል፣ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ማግኔት የማይዘው ከሆነ አሉሚኒየም ነው ማለት ይቻላል። ከባድና ጥቁር ሆኖ ማግኔቱ ጥብቅ ካለበት ተራ ብረት ነው፤ ካስት አይረን የሚባለውም እዚህ ይገባል። የሚያብረቀርቀውና ከአሉሚኒየም ከበድ የሚለው ስቴንለስ ነው። ስቴንለስ ላይ ማግኔቱን አትመኑት፤ አንዳንዱን ይይዛል፣ አንዳንዱን አይዝም። ሥሩ ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግን አያጠራጥርም፦ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው።

2. አሉሚኒየም ከሆነ

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አንድ ቀን ድስት አረረብኝ። ቤኪንግ ሶዳ ያረረ ነገር ያስለቅቃል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ውሃ ሞላሁበት፣ ሶዳውን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ ጨመርኩ፣ ጥጄው ሌላ ሥራ ያዝኩ። ስመለስ ያረረው እውነትም ለቅቋል። ድስቱ ግን ከውስጥ ጠቁሯል። ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ከሰል የመሰለ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሉሚኒየም ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው። ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ሶዳ አልካሊ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፤ ሲፈላ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ያንን ሽፋን ይበላውና ብረቱን ያጠቁረዋል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙናም አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነ ያው ነው የሚያደርገው። የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያዬን ማሽን ውስጥ ብከተው፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ገብቶ እጅ የሚያጠቁር ግራጫ ሆኖ ወጣ። መጭመቂያውን ማዳን አልቻልኩም። ፋብሪካው የቀባው መከላከያ ሽፋን አንዴ ከተላጠ ቤት ውስጥ አይመለስም፤ እጥባለሁ፣ ለሁለት ቀን ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ይለቅቃል።

ድስቱን ግን አዳንኩት። መድኃኒቱ የሶዳ ተቃራኒ ነው፤ ጎምዛዛ ነገር። ከጥቁሩ መስመር በላይ ውሃ ሙሉበት። ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ወይም የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። 10 ወይም 15 ደቂቃ አንተክትኩት። ጥቁረቱ እያያችሁት ይሳሳል። ውሃውን ድፉት፣ በለስላሳ ስፖንጅ እሹት፣ አለቅልቁት። ካልጠራ ድገሙት። ሎሚ ጥሩ ነው ብላችሁ ግን ዘፍዝፋችሁ እንዳታድሩ፤ አሲድም በብዛትና በጊዜ ብዛት አሉሚኒየም ይበላል።

በነገራችን ላይ፣ የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ቲማቲም ቢንተከተክበት ድስቱ ያለ ማንም እገዛ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቁረቱ የት እንደሄደ መገመት ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ድስቱን ቀድሜ በሎሚ ነው የማፈላው።

3. ስቴንለስ ከሆነ

አዲስ የገዛችሁት ድስት፣ ጭልፋ ወይም ወንፊት ጥቁር ከለቀቀባችሁ ብረቱ ተበላሽቶ አይደለም። እንዲያብረቀርቅ ሲሞረድና ሲወለወል የቀረ ዱቄትና ቅባት ነው። ሳሙናና ውሃ ብቻውን ብዙም አይነካውም። ዘይት ነው የሚያነሳው። ሶፍት በምግብ ዘይት ንከሩና እያንዳንዱን ጥግ ጥረጉ፦ የእጀታውን ሥር፣ የክዳኑን ጠርዝ፣ ብሎኑ ዙሪያ። ሶፍቱ ከሰል ይመስላል። ቀይሩት፣ ጥረጉ፣ ቀይሩት። ሳይጠቁር ሲወጣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። አለቀ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው አዲስ ዕቃ «ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚመልሰው።

ምግብ አርሮበት ከሆነ፣ አሉሚኒየሙን ያጠፋብኝ ቤኪንግ ሶዳ እዚህ ጥሩ ሠራተኛ ነው። ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ሶዳ፣ 10 ደቂቃ መፍላት፣ ከዚያ በእንጨት ማማሰያ ጫፍ መፋቅ። ሙቀት ያመጣው ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም ካለ አቼቶ የነካ ጨርቅ ያጠፋዋል።

በረኪና ግን አይሆንም። ክሎሪኑ ስቴንለስን እየወጋ ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣበታል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ መጨመር ነው። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ያጸዳል ብላችሁ በጭራሽ አትሞክሩት።

ሽቦም ለስቴንለስ አልወድም። ይጭራል፤ የሚሰባበረው የብረት ብናኝም ጭረቱ ውስጥ ይቀርና ይዝጋል። ሰው ከዚያ «ስቴንለስ ዛገብኝ» ይላል። የዛገው ሽቦው ነው።

4. ከባዱ ጥቁር ብረት

አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ጥቁረቱ የሚፈለግ ነው። ለስላሳ፣ ጠንካራና ወጥ የሆነው ጥቁር ሽፋን በሙቀት የደረቀ ዘይት ነው። ምግብ እንዳይያዝ፣ ብረቱም እንዳይዝግ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱን ፍቆ መጣል የዓመት ሥራ ማፍረስ ነው። የማይፈለገው በጣት ሲነካ የሚረግፈው፣ እንደ ቅርፊት የሚነሳው ወይም ሶፍት ላይ እንደ ጥላሸት የሚወጣው ነው። ያ የከሰለ ምግብና ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ደግሞ ዝገት ነው።

የሚረግፈውን ለማስለቀቅ መጥበሻው ለብ እያለ አንድ እፍኝ ሻካራ ጨውና ጠብታ ዘይት ጨምሩበት፣ በጨርቅ እሹት። ጨው አይጭርም፣ ግን ይነክሳል። «ሳሙና አይነካውም» የሚባለውን አትስሙ፤ ትንሽ የዕቃ ሳሙና በደንብ የያዘ ሽፋን አያነሳም። ሽፋኑን የሚገድለው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ዝገት ካለ እዚህ ላይ ሽቦ ይፈቀዳል፤ ቀዩ እስኪጠፋ ፈግፍጉ።

ከታጠበ በኋላ እሳት ላይ ጣዱት። በፎጣ የደረቀ ብረት አልደረቀም።

አሁን መቀባት። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ «ብዙ ዘይት፣ ብዙ ሽፋን» ብዬ አሰብኩ። መጥበሻውን አራስኩትና ኦቨን ከተትኩት። የወጣው ሙጫ ነው። እጅ ይይዛል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሲነካ ማስቲካ። ታችኛው በኩል ዘይቱ ጠብ ጠብ ሲል እንዳለ ደርቆ እንባ መስሏል። ያንን ለመፋቅ ቅዳሜና እሁዴን ጨረስኩ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ለአንድ መጥበሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአትክልት ዘይት ይበቃል። ውስጡንም ውጪውንም እጀታውንም ቀቡ። ከዚያ ንጹህ ጨርቅ አምጡና የቀባችሁትን ሁሉ ጥረጉት። አዎ፣ ሁሉንም። ምንም ያልቀረ እስኪመስላችሁ። ብረቱ ደብዛዛ ሆኖ መታየት አለበት፤ እርጥብ መስሎ ካብለጨለጨ ዘይት በዝቷል። ከዚያ ኦቨን ውስጥ ደፍታችሁ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ኦቨኑን አጥፉና እዚያው ይብረድ። መስኮት ክፈቱ፣ ይጨሳል። አዲስ ወይም ተፍቆ የጸዳ ከሆነ ይህንኑ ሦስቴ ደጋግሙ። ኦቨን ከሌለ ምድጃ ላይ ይሠራል፦ ጭሱ እስኪቆም ማጋል ነው። ግን ጠርዙ ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

ሙጫ ሆኖባችሁ ከሆነ ደግሞ ከመፋቃችሁ በፊት ዘይት ሳትጨምሩ አንድ ሰዓት መልሳችሁ ኦቨን ክተቱት። ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ይህን የሰማሁት ቅዳሜና እሁዱ ካለፈ በኋላ ነው።

5. የውጪው ጥላሸት

እንጨት ወይም ከሰል ላይ የምታበስሉ ከሆነ ከመጣዳችሁ በፊት የድስቱን ውጪ እርጥብ ሳሙና ቀቡት። ጥላሸቱ ሳሙናው ላይ ይቀመጣል፣ በውሃ አብሮ ይሄዳል።

6. ቢላ

አቼቶ ወይም ሎሚ የነካው ስቴንለስ ያልሆነ ቢላ ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። ተዉት፣ ከዝገት ይከላከልለታል። ብቻ ወዲያው አድርቁት።

ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ካላችሁ ጨው፣ ሽቦና መፋቅ የሚለውን ሁሉ እርሱት። እሱ ስፖንጅና ሳሙና ብቻ ነው የሚወደው፤ መላጥ ከጀመረ ደግሞ ቀይሩት።