ጣና ላይ ጀልባ ከመሳፈርህ በፊት

ባሕር ዳር መጥተህ የጣናን ደሴቶች ልታይ ካሰብክ ጠዋት ውጣ። ሐይቁ ማለዳ ላይ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ክፉኛ ያንገላታል። ላይፍ ጃኬት መኖሩንም ሳትነሳ እይ፣ «አለ» መባሉ አይበቃም።

ከሴቶች ጋር የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ደሴቱን መርጠህ ተነሳ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ከክብራን ጎን ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሁሉም ክፍት ናት። ይህን የማይነግርህ ጀልባ ነጂ አይጠፋም፤ እናትህ ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁህ ጉዞው ምኑ ደስ ይላል?

ደቅ ደሴት ሩቅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ናት። እሷን ለማየት ሙሉ ቀን መድብ፣ ምሳህንና ውኃህን ያዝ። በየደሴቱ ሱቅ አገኛለሁ ብለህ አትመን።

ዋጋውን ስትነጋገር የትኞቹ ደሴቶች እንደሆኑ፣ ነጂው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅህ፣ ዋጋው መመለሻውንም እንደሚያካትት አስቀድመህ ቁረጥ። ለገዳማቱ መግቢያ ዝርዝር ብር ያዝ። ነጠላም እንዳትረሳ።