የቀጥታ መስመር እኩልታ አልወጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለት ነጥብ ተሰጥቷችሁ እኩልታውን አወጣችሁ፤ መልሱ ግን ምርጫው ውስጥ የለም። አብሽሩ፣ ይስተካከላል። ስሎፕ የዋይ ልዩነት ለኤክስ ልዩነት ሲካፈል መሆኑን፣ ዋይ = ኤም·ኤክስ + ቢ የሚለውንም (ኤም ስሎፑ ነው፣ ቢ ኤክስ ዜሮ ሲሆን የሚመጣው ዋይ) ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ደሴ ላይ ተማሪ ሳስጠና የሚደጋገሙብኝ እነዚህ ናቸው።

ስሎፑን ስታካፍሉ ታች (የኤክስ ልዩነቱ) ዜሮ መጣ። ሁለቱ ኤክሶች እኩል ናቸው፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ስሎፕ የለውም። ሁለቱም ኤክስ 4 ከሆኑ ኤክስ = 4 ብላችሁ እለፉ።

መስመሩ ይወርዳል፣ ስሎፑ ግን ፖዘቲቭ ሆነ። ላይ ከአንዱ ነጥብ፣ ታች ከሌላው ጀምራችኋል። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ይቀንሳል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። −650 ለ25 ሲካፈል −26፤ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ 26 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ፖዘቲቭ 26 ካወጣችሁ ኮምቦልቻን ከደሴ በላይ ሰቅላችኋል።

አሁን ዋናው። ስሎፑ ትክክል ይመስላል፣ መልሱ ግን አይገጥምም። ምክንያቱ ሁሌም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው፦ ኔጌቲቭ ቁጥር ስትቀንሱ ቅንፍ አልጻፋችሁም። (−2, 7) እና (4, −5)ን እንያዝ። ላይ −5 − 7 = −12። ታች 4 − (−2) = 6። ስሎፑ −2 ነው። ቅንፍ የሚንቅ ተማሪ ታች 4 − 2 = 2 ይልና −6 ያወጣል። ከዚያ (−2, 7)ን ተክቶ ቢ = −5 ያገኛል፤ ዋይ = −6ኤክስ − 5።

የሚያናድደኝ የሚቀጥለው ነው። «ቲቸር፣ አረጋግጫለሁ እኮ!» ይለኛል። ያረጋገጠው በዚያው በ(−2, 7) ነው። ቢን ያወጣችሁበት ነጥብ ስሎፑ የቱንም ያህል ቢሳሳት ይገጥማል፤ ቢ የወጣው እሱ እንዲገጥም ነውና። መፈተሽ ያለባችሁ በሁለተኛው ነጥብ ነው። 4ን ስትተኩ −29 ይመጣል፤ መምጣት የነበረበት −5 ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ነገር ሲከራከረኝ ከረመ፤ የተረታው መስመሩን ራሱ ግራፍ ወረቀት ላይ ሲያሰምረው ነው፤ ሁለተኛው ነጥብ ጋ ጭራሽ አልደረሰም። ትክክለኛው፦ 7 = −2 × (−2) + ቢ፤ ቢ = 3፤ ዋይ = −2ኤክስ + 3። 4ን ተኩ፣ −5። አለቀ።

ቅንፍ ጻፉ። «በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ» አትበሉ። ፈተና ላይ ሲቸኮል መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

የፎቶኮፒ ወረቀትም ተጠንቀቁ። ቀለሙ ሲሳሳ የመቀነስ ምልክት አይታይም። ከሐይቅ የምትመጣ ተማሪዬ አንድ ገጽ ሙሉ ሠርታ አንዱም አልገጥም ብሏት አለቀሰች። የሷ ጥፋት አልነበረም፤ ወረቀቷ ላይ ምልክቶቹ ጠፍተዋል። ለልጅ የሚሸጥ ወረቀት አንዴ እንኳ አይታይም?

ፐርፐንዲኩላር (በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ መስመር) ሲባል ደግሞ ብዙዎች ስሎፑን ይገለብጡና ምልክቱን መቀየር ይረሳሉ። የ−2 አቻው 1/2 ነው። ሁለቱ ስሎፖች ተባዝተው −1 ካልሰጡ ተመልሳችሁ እዩት።