ዘመድ ሲመጣ የቤት ካሜራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤት ካሜራ የሚገዛው ሌባ ታስቦ ነው። ቀን ከሌት የሚቀርጸው ግን ቤተሰብን ነው፤ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ዘመድን። ሌባ ዓመቱን ሙሉ ላይመጣ ይችላል። አክስት ግን መጥታ ሁለት ሳምንት ትከርማለች፤ ሳሎን ትተኛለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፣ ስለ ልጇ በስልክ ስታወራ ታለቅሳለች። ባለቤቱ ካሜራውን መርጦ ገዝቶታል፤ ወዴት እንደሚያይም ያውቃል። እሷ አልመረጠችም፤ ብዙ ጊዜም መኖሩን አታውቅም።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከክፋት የሚመጡ አይደሉም። «የራሴ ቤት፣ የራሴ ዘመድ፤ ምን አለበት?» ከሚል ሐሳብ ይነሳሉ። እኔ ግን ዝምድና ፈቃድ ነው ብዬ አላምንም። ባዳ ቅር ካለው ይናገራል ወይም ይሄዳል። ዘመድ በይሉኝታ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ከማንም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነው።

ሳይናገሩ መቅረት

«ካሜራው ተሰቅሎ እየታየ ምን መናገር ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። የዛሬ የቤት ካሜራ ግን ከመዳፍ ያነሰ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ከዕቃ ጋር ቢቀመጥ ዓይን አያርፍበትም። አንዳንዱ አምፖል ወይም የጠረጴዛ ሰዓት ይመስላል። እየሠራ መሆኑን የምታሳየውን ትንሽ መብራት በብዙ ሞዴሎች ላይ ካሜራው ከሚታዘዝበት የስልክ አፕ ማጥፋት ይቻላል። በጨለማ የሚያይበት የኢንፍራሬድ ብርሃንም እንደ ሞገዱ ርዝመት ይለያያል፦ የ850 ናኖሜትሩ ደብዘዝ ያለ ቅላት ያሳያል፤ የ940 ናኖሜትሩ በሰው ዓይን አይታይም። መብራት ጠፍቷልና ማንም አያየኝም ብሎ ልብሱን የሚያወልቅ እንግዳ ይህን ከየት ያውቃል?

ካሜራውን ያየ ሰውም ቢሆን ማወቅ ያለበትን ሁሉ አላወቀም። ድምፅ ይቀርጻል ወይ? ቅጂው የት ይቀመጣል፣ ለስንት ቀን? እነማን ያዩታል? እነዚህ በማየት አይታወቁም።

የሚነገርበት ጊዜም ትልቅ ነገር ነው። እንግዳው ሻንጣውን አስቀምጦ አረፍ ካለ በኋላ ቢነገረው «ምንም አይደል» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ከመምጣቱ በፊት በስልክ ቢነገረው ግን የሚሰማውን ለመናገር ፋታ ያገኛል፦ «እትዬ፣ በሩ ላይና ሳሎን ካሜራ አለን። የሳሎኑን እርስዎ እስካሉ ድረስ እነቅለዋለሁ። የበሩ ይሠራል፤ ድምፅ ግን አይቀርጽም። የምናየውም እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን።» ይኸው ነው። ለልጆችም በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፤ የ15 ዓመት የእህት ልጅ ስለ ገመናዋ ከአያቷ ያነሰ አትጨነቅም።

እንግዳ የሚተኛበትን ክፍል እንደ ወትሮው መቁጠር

ዘመድ ሲመጣ ቤቱ ይለወጣል። ሳሎን መኝታ ቤት ይሆናል። ሕፃን ለመከታተል ካሜራ የተተከለበት ክፍል ውስጥ አያት ትተኛለች። ኮሪደሩን የሚያየው ካሜራ የመታጠቢያ ቤቱን በርም ስለሚያይ፣ ፎጣ ታጥቆ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይቀረጻል። ካሜራው ቦታውን አልቀየረም፤ ፊቱ ያለው ኑሮ ግን ተቀይሯል። ስለዚህ እንግዳ ከመግባቱ በፊት አፑን ከፍተው እያንዳንዱ ካሜራ የሚያየውን ይመልከቱ፤ መስታወት ካለ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውንም ጭምር። የሚሽከረከር ካሜራ ከሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ ተከትሎ እንዲዞር የሚያደርገው ቅንብር በርቶ እንደሆነም ይፈትሹ። ወደ መስኮት አዙረውት የሄዱት ካሜራ እንግዳዋን ተከትሎ ወደ አልጋው ሊዞር ይችላል።

ከአፑ ማጥፋት ይበቃል? ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል። እንግዳው ግን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ ያጠፋው ሰው ከቢሮው ሆኖ መልሶ ሊያበራው እንደሚችልም ያውቃል። እኔ የምመክረው ከሶኬት መንቀል ነው፤ ባትሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ ማውጣት። ጨርቅ መጣል ምስሉን ይከልላል፤ ማይክሮፎኑ ግን ከጨርቁ ሥርም ይሰማል።

ቤት አከራዮችንና እንግዶችን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ በመላው ዓለም በሚከራዩ ቤቶች ውስጥ ካሜራ መትከልን ከልክሏል፤ አከራዩ አስቀድሞ ቢያሳውቅም እንኳ። ከዚያ በፊት እንደ ሳሎንና ኮሪደር ባሉ የጋራ ቦታዎች፣ እንግዳው እስካወቀ ድረስ፣ ይፈቀድ ነበር። ከፍሎ ለሚያድር ባዳ ይህ ከተደረገለት፣ ናፍቆን ለመጣ ዘመድ ከዚያ ያነሰ ማድረግ ከብዶኛል። ልብስ በሚወለቅበት ቦታ ሰውን ሳያውቅ መቅረጽ በብዙ አገሮች በወንጀል እንደሚያስከስስም አይዘንጉ፤ የቤቱ ባለቤት መሆን ከዚህ አያድንም።

ድምፁን መርሳት

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው፣ ጉዳቱም ጠለቅ ያለው ይኸኛው ይመስለኛል። ካሜራ ሲባል የምናስበው ምስሉን ነው። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ካሜራዎች ግን ማይክሮፎን አላቸው፤ ብዙዎቹም ከካርቶናቸው ሲወጡ ማይክሮፎናቸው በርቶ ነው። ሳሎን ተቀምጠው የሚታዩ ሁለት እህትማማቾች ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም። ድምፁ ግን የአንዷን ሕመም፣ የሌላዋን የትዳር ችግር፣ የወንድማቸውን ዕዳ ይዞ ይቀመጣል። ቤተኛው ሲወጣ እንግዶች ስለ ቤተኛው ማውራታቸውም ያለ ነው፤ ያንን ከቢሮ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ ዘመዱን በቀድሞ ዓይኑ አያየውም።

ሕግም ድምፅን ከምስል ለይቶ በጥብቅ የሚይዝበት ብዙ ቦታ አለ። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ንግግር ለመቅረጽ ቢያንስ የአንዱን ተነጋጋሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ በምስጢር የሚደረግን ንግግር ለመቅረጽ የሁሉንም። እርስዎ ሥራ ላይ ሆነው እናትዎና አክስትዎ ሳሎን ሲያወሩ ካሜራው ከቀረጸ፣ እርስዎ ተነጋጋሪ አይደሉም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የኦክስፎርድ ፍርድ ቤት ጎረቤታሞች በበር ደወልና በውጭ ካሜራዎች የተካሰሱበትን ጉዳይ ሲዳኝ፣ ዳኛዋ የድምፁን ቀረጻ ከምስሉ የባሰ ችግር ያለበት ሆኖ አግኝተውታል። ካሜራዎቹ ባለቤታቸው ሊጠብቀው ከሚፈልገው ቦታ አልፈው ራቅ ያለ ንግግር ይሰሙ ነበር፤ ያን ያህል ድምፅ ደግሞ ሌባን ለመከላከል አያስፈልግም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የካሜራውን ቅንብር ከፍተው የድምፅ ቀረጻውን ያጥፉ። በብዙ ሲስተሞች ይህ ለየካሜራው ለብቻ ስለሚደረግ አንዱን አጥፍተው ሁሉም ጠፋ ብለው አይመኑ። አጥፍተው ሲጨርሱ ራስዎ ክፍሉ ውስጥ ተናግረው ቅጂውን ያዳምጡ፤ ዝም ካለ ተሳክቷል። በካሜራው ስፒከር ከሩቅ ሆኖ ለእንግዳ መናገርም ይቅር። ብቻዬን ነኝ ያለ ሰው ከግድግዳ ሥር ስሙ ሲጠራ መደንገጡ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያ ቤት ውስጥ አይዝናናም። ጉዳይ ካለ ስልክ አለ።

የማንቂያ ክልልን ከመሸፈኛ ክልል ጋር ማምታታት

አፑ ላይ «ይህን ቦታ ብቻ ተከታተል» ተብሎ የሚሰመረው አራት ማዕዘን፣ ማለትም የማንቂያ ክልሉ፣ በአብዛኛው የሚወስነው መቼ ኖቲፊኬሽን እንደሚመጣ ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለው ቦታም ይታያል፣ ይቀረጻል። ሶፋውን ከክልሉ ስላወጣሁት እዚያ የተኛው እንግዳ አይቀረጽም የሚል ሰው ተሳስቷል። ቦታውን በእውነት የሚጋርደው የመሸፈኛ ክልል የሚባለው ሌላ ቅንብር ነው፤ ያንን ክፍል በምስሉ ላይ ጥቁር አድርጎ ይሸፍነዋል፣ ቅጂው ላይም አይገኝም። ካሜራዎ ይህ ቅንብር ከሌለው አቅጣጫውን ከማዞር ሌላ አማራጭ የለም። የመሸፈኛ ክልሉን ሲጠቀሙም ድምፅ እንደማይሸፈን ያስታውሱ።

አንድ ፓስወርድ ለሁሉም መስጠት

ለእንግዳው «የምናየው እኔና ባለቤቴ ነን» ብለው ከነገሩት እውነት መሆን አለበት። ብዙ ቤት ግን አካውንቱ ዓመታት ሲሻገር ለወንድም፣ ቀድሞ አብሮ ለኖረ ሰው፣ ለገጠመው ባለሙያ ተሰጥቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ አንድ የካሜራ ገጣሚ ባለሙያ፣ የራሱን ኢሜይል በደንበኞች አካውንት ላይ እየጨመረ ወደ 200 በሚጠጉ ቤቶች ከ9,600 ጊዜ በላይ ገብቶ ማየቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። በተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ የማይታወቅ ኢሜይል መኖሩን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ይቆም ነበር። ዝርዝሩን ዛሬ ይክፈቱት። የማያውቁትንም፣ አሁን ማየት የማያስፈልገውንም ሰው ያስወጡ።

ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደመጣ መቅረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር (ማልዌር) በየቤቱ ያሉ ካሜራዎችንና ቅጂ የሚያስቀምጡ ዲቪአር የሚባሉ መሣሪያዎችን የወረረው ስድሳ ያህል የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ለምሳሌ ወደ ስልክ የሚላክ ኮድ የሚጠይቀው ቅንብር፣ ካለ ያብሩት።

ይህን ሁሉ አድርገውም ከእጅዎ ውጭ የሚሆን ነገር አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 የበር ደወልና የቤት ካሜራ አምራቹን ሪንግን የከሰሰው ሠራተኞቹና ኮንትራክተሮቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ማየት ይችሉ ነበር በሚል ነው፤ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በየካቲት 2024 ደግሞ ዋይዝ የተባለው የካሜራ ኩባንያ 13,000 ያህል ተጠቃሚዎች ከሌላ ሰው ቤት የተነሱ ምስሎች እንደደረሷቸው አስታውቋል። ያልተቀረጸ ነገር ግን አይሾልክም። የእንግዳው ክፍል ካሜራ ይነቀል የምለው አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው።

ቪዲዮውን ለቤተሰብ ማጋራት

አጎት ሲደንስ ወይም ሲንሸራተት የተቀረጸው በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ሳቁ የፍቅር ነው። ቪዲዮው ግን ከዚያ ግሩፕ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ማንም አይቆጣጠረውም። ከመላክዎ በፊት ለራሱ አሳይተው ይጠይቁት።

ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ወደ ቅጂው መሮጥ

ቀለበት ወይም ገንዘብ ሲታጣ ልብ ወደ ካሜራው ይሄዳል። ቅጂው ላይ አክስት መሳቢያ ስትከፍት ትታያለች፤ መቀስ ፈልጋ ይሆናል። ምስሉ መሳቢያ መክፈቷን እንጂ ለምን እንደከፈተች አይናገርም፤ በተጠራጣሪ ዓይን ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ማስረጃ ይመስላል። ቀለበቱ በኋላ ከኮት ኪስ ቢገኝም፣ ስትታይ እንደነበር የሰማች ዘመድ ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች።

መጀመሪያ ቤቱን ይፈልጉ፤ ቀጥለው እንደማንኛውም ሰው በቅንነት ይጠይቁ። ማየት ግድ ከሆነ ዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ሰዓት ይጀምሩ፣ ለብቻዎ ይዩ፣ ጉዳዩን የማይመለከት ነገር ሲመጣ ይለፉት። የሁለት ሳምንት ኑሮን ከዳር እስከ ዳር መገላበጥ ዕቃ ፍለጋ አይደለም። እንግዳ ሲሄድ በቆየባቸው ቀናት የተቀረጸውን ማጥፋት፣ ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይም ሆነ ሜሞሪ ካርድ ላይ፣ ይህን ፈተና ከነጭራሹ ያስቀራል።

ፊቱን በስሙ ማስመዝገብ

አንዳንድ ካሜራ ፊት ለይቶ «እገሌ መጥቷል» ይላል። ለዚያ የሰውየውን የፊት ልኬት ይዞ ያስቀምጣል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ልኬት ለመሰብሰብ ኩባንያዎች የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል፤ የጉግል ኔስት ካሜራዎች ፊት የመለየት አገልግሎትም በዚያ ግዛት አይሠራም። ለጥቂት ቀናት ለመጣ ዘመድ ይህ ምንም ጥቅም የለውም፤ ያጥፉት።

የአዛውንትን ካሜራ አንዴ ተክሎ መርሳት

ለሕክምና የመጡ ወይም ብቻቸውን መሆን የማይችሉ አባትና እናት ሲኖሩ ነገሩ ይከብዳል። ሌሊት ቢወድቁስ? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ካሜራው ሊያስፈልግ ይችላል። ስህተቱ ለእነሱ ሲባል ነው ብሎ ሳይጠይቁ መትከል ነው። ማስተዋል የሚችል አዛውንት «አልፈልግም» የማለት መብት አለው። እንቢ ካለ ከአልጋ ሲነሳ የሚያሳውቅ ሴንሰር፣ በአንገት የሚንጠለጠል የጥሪ ቁልፍ፣ የበር ሴንሰር አለ።

ከተስማሙም ስንት ጊዜ እንደሚታይና ማን እንደሚያይ አብረው ይወስኑ። ካሜራው አልጋውን ሙሉ እንዲያይ ማድረግ አያስፈልግም፤ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ወለል ካሳየ መውደቅን ያሳያል። ቅጂ ሳያስቀምጥ በቀጥታ ብቻ እንዲታይ ማድረግም ይቻላል። ሲታጠቡና ልብስ ሲቀይሩ ማን እንደሚያጠፋው ከመጀመሪያው ይወሰን፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የሚረዳቸው ሰው ሥራውን ሳይጀምር ሶኬቱን ይንቀለው፤ ሲጨርስ ደግሞ መልሶ መሰካቱን ለእሳቸው ይንገራቸው።