በልግ ላይ ቆሮሶ፣ ሲመሽ አምባዛ፦ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ከሐይቅ ዳር ለማጥመድ

ከመሀል አዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ሐይቁ ዳር አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሲገዛ ነው። ጣት የሚያክል መንጠቆና በግ የሚያስር ክር ይዞ ይሄዳል። ቆሮሶ ደግሞ አፉ ትንሽ፣ ጠባዩም ጥርጣሬ የበዛበት ዓሣ ነው። ትልቁ መንጠቆ ላይ ያለውን ምግብ ዳር ዳሩን ለቃቅሞ ይሄዳል፣ ሰውየው ግን "ሐይቁ ዓሣ የለውም" ብሎ ይመለሳል።

ከተማው አጠገብ ያሉትን ውሃዎች ተዉ። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድቦች ስለሆኑ መንጠቆ ይዞ የሚኬድባቸው አይደሉም። አባ ሳሙኤል ደግሞ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባበት ነው፤ ከዚያ የወጣ ዓሣ አይበላም። ለጀማሪ የሚስማማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ በተለይ ባቦጋያ ሐይቅ፣ ቆሮሶም አምባዛም አንድ ላይ ስላለበት። ከስታዲየም ወይም ከመስቀል አደባባይ ቃሊቲ መናኸሪያ ደርሶ የቢሾፍቱን መኪና መያዝ ነው። ዝዋይና ቆቃ ዓሣቸው ብዙ ቢሆንም ጉማሬ አለባቸው፣ ቆቃ ላይ አዞም ይጨመራል። እዚያ የአካባቢውን አጥማጅ ሳይዙ መምሸት አይመከርም።

ዓሣ ማጥመድ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ሥራ ነው። ስለዚህ ለመዝናናትም ቢሆን አስቀድማችሁ የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤትና የአጥማጆች ማኅበር ጠይቁ። የሐይቁ ዳር የሎጅ ግቢ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘበኛው ብቻ "ግቡ" ስላለ ማታ ላይ ከችግር አትድኑም።

ለምን በልግ?

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ውሃው ይሞቃል፣ ዝናቡም ከዳርቻው አፈርና ነፍሳት ጠርጎ ያስገባል። ቆሮሶ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ የሚጠጋው ያን ጊዜ ነው። በበጋው ቀዝቃዛ ሌሊቶች ግን የቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች አንዳንዴ ውሃቸው ይገለበጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣው ይታፈናል፣ ሞቶ የሚንሳፈፍበትም ጊዜ አለ። ሐይቁ ቀለሙን ቀይሮ ከሸተተና ዓሣ ተንሳፍፎ ካያችሁ ዕቃችሁን ሳትፈቱ ተመለሱ።

ውሃው ጠርቶ ታችኛው ከታየ፣ ሰሃን የሚያካክሉ ክብ ክብ የተጠረጉ ቦታዎች ታያላችሁ። ወንዱ ቆሮሶ የቆፈራቸው ጎጆዎች ናቸው። ጀማሪ እዚያ ላይ ይወረውራል፤ ግን ወንዱ የሚነክሰው ሊበላ ሳይሆን ሊያባርር ነው፣ መንጠቆውን ገፍቶ ይተፋዋል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል ያን ሰሞን አትበላም። ከጎጆዎቹ ሦስት አራት ሜትር ወደ ጥልቁ በኩል፣ ከፊላው ወይም ከደንገሉ ጫፍ ላይ ጣሉ። የሚበላው ዓሣ እዚያ ነው። አፏ እንቁላል የሞላ ሴት ከወጣች ወዲያው፣ እጅን አርጥቦ፣ ወደ ውሃው መመለስ ነው።

የቆሮሶ ዕቃ

መንጠቆው ከቁጥር 8 እስከ 12 ይሁን። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 12 ከ8 ያነሰ ነው። በ/0 የሚጻፉት ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፣ 4/0 ከ1/0 ይበልጣል። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ፣ በመንጠቆው ጫፍና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጽሕፈት እርሳስ ውፍረት ካለፈ ተዉት። ክሩ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር ናይለን ይበቃዋል። ዘንጉ አራት ሜትር ከሆነ ማጠንጠኛ (ክር መጠቅለያው) እንኳ አያስፈልግም፣ ክሩን በዘንጉ ልክ ቆርጦ ጫፉ ላይ ማሰር ነው። የባቦጋያ ዳርቻ ቁልቁል ስለሆነ ከአራት ሜትር በላይ መወርወር ትርፉ ድካም ነው። ቀርከሃ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም። ተጣጣፊው ዘንግ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው።

መንጠቆ ሲታሰር ክሩን በቀዳዳው አሳልፉ፣ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙ፣ ጫፉን መንጠቆው አጠገብ በተፈጠረው ቀለበት መልሱ፣ በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሳይረጥብ የተሳበ ቋጠሮ በሰበቃው ሙቀት ናይለኑን ያቃጥለዋል። ክሩ "ያለምክንያት" ተበጠሰ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ የተበጠሰው ጫፍ ተጠቅልሎ ከወጣ ቋጠሮው ነው የለቀቀው።

ዓሣ ሲነክስ የሚያሳየውን ተንሳፋፊ እቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የወይን ጠጅ ቡሽ በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቁ፣ አንዱን ቁራጭ በአሸዋ ወረቀት እንደ ወይራ ፍሬ አሹሉት፣ መሀሉን በመርፌ ብሱና ስቴኪኒ አስገቡበት። አንደኛውን ጫፍ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀቡት። ከዚያ የሚበልጠው ሥራ ባልዲው ላይ ነው። ባልዲ ውሃ ሙሉና ተንሳፋፊውን ከነክሩ አስገቡት፤ ክሩ ላይ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ፣ ከጠፋ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ለስላሳ ሽቦ፣ ጥቂት ጥቂት እየጠመጠማችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ጋደም ብሎ ይተኛል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ቀዩ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሲቀር አቁሙ። ግማሽ ቡሹ ከውሃ በላይ የቀረ ተንሳፋፊ ዓሣው ሲስበው ወደ ላይ ይታገለዋል፣ ቆሮሶም ያንን ትግል ሲሰማ ይተፋል። ሽቦውን የነካ እጅ ሊጥ ከመንካቱ በፊት ይታጠብ፣ እርሳስ መርዝ ነው።

ማባበያው

ለቆሮሶ ሊጥና የመሬት ትል ያሸንፋሉ። ለሊጡ አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ውሃ፣ የአንድ ቁራጭ ዳቦ ልብ፣ ቁንጢጥ ስኳር። አሥር ደቂቃ ያህል እሹት፤ ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጥጥ በጣት አፍታታችሁ አብራችሁ እሹ። ጥጡ ሊጡን መንጠቆው ላይ ያቆየዋል፤ ያለ ጥጥ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ሟምቶ ያልቃል፣ እናንተም ባዶ መንጠቆ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። የሚሰካው መጠን አተር ያክላል። ትሉ ከዝናብ በኋላ ከበሰበሰ ፍግ ሥር ይገኛል፤ ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ፣ ከርጥብ አፈር ጋር፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ዓሣውን ቦታው ላይ ለማቆየት ሁለት ኪሎ ፉርሽካና ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅላችሁ፣ በጡጫ ሲጨመቅ ተያይዞ እስኪቆም ብቻ አርጥቡት። ስትደርሱ እንቁላል የሚያካክሉ ሦስት አራት ድቡልቡሎች፣ ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ወርውሩ። የበዛ እንደሆነ ዓሣው ከታች ጠግቦ መንጠቆውን ያልፈዋል። ፋጉሎ ሽታው ከባድ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ እንዳይቆጣችሁ ሁለት ፌስታል ደርቡበት።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ተንሳፋፊውም ከማዕበሉ ጋር ሲዘል ንክሻ አይለይም። ጥልቀቱን ከ60 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ፣ በ20 ደቂቃ ምንም ካልነካ በ30 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ተንሳፋፊው ብቅ ጥልቅ ሲል አትሳቡ፣ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ወይም ጋደም ሲል የእጅ አንጓን ብቻ ቀና ማድረግ ይበቃል። በኃይል የሚስብ የቆሮሶን ከንፈር ቀዶ ይቀራል። ዓሣውን ስትይዙ በርጥብ ጨርቅ ከራሱ ወደ ጅራቱ እያሻሻችሁ የጀርባውን እሾህ አስተኙት፤ ከጅራት ወደ ራስ የያዘ እጁን ይወጋል።

ለማታው

የማታው ዕቃ ሁሉ ከ12 ሰዓት በፊት፣ ብርሃን ሳለ፣ ይታሰራል፣ ይፈተሻል፣ ቦታ ቦታውን ይይዛል። በጨለማ መንጠቆ የሚያስር ሰው ጣቱን ነው የሚያጠምደው። ሦስት ትርፍ መንጠቆዎች ከነ50 ሴንቲ ሜትር ክራቸው አስራችሁ ካርቶን ላይ ጠምጥሙ፤ ሲበጠስ መተካት ብቻ ይሆናል። ፒንሳ፣ ቢላና ጨርቅ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፣ ነጭ ፎጣ ላይ ይቀመጡ፤ ሣር ላይ የተጣለ ፒንሳ ማታ አይገኝም። የምትቆሙበትን መሬትም በቀን ርገጡት። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ከዳር ሁለት ሦስት እርምጃ ያለፈ ሰው እግሩ መሬት አያገኝም። ውሃ ውስጥ ገብቶ መቆም ክልክል ይሁንባችሁ። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያም አለ።

አምባዛ በማሽተትና በሪዙ ፈልጎ ስለሚበላ ጨለማ አያግደውም፤ ዝናብ ዘንቦ ደፍራሽ ውሃ ወደ ሐይቁ የገባበትና ጨረቃ የሌለበት ምሽት የሱ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ ስለሆነ የቆሮሶው ክር አይችለውም። ክር 0.40 እስከ 0.50፣ መንጠቆ 2/0 ወይም 3/0፣ ዘንጉም ማጠንጠኛ ያለው ይሁን። ለክብደት ከጋራዥ የሚገኝ ትልቅ ዳዶ ይበቃል። ክሩ በዳዶው ቀዳዳ እንዲያልፍ አድርጉ እንጂ አትሰሩት፤ ከሥሩ ዶቃ፣ ከዶቃው ሥር ተሽከርካሪ ማያያዣ፣ ከዚያ ባለ 50 ሴንቲ ሜትሩ ክር ከነመንጠቆው። አምባዛው አንስቶ ሲሄድ ክሩ በዳዶው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ክብደቱ አይሰማውም። የዳዶው ጠርዝ ሹል ከሆነ ክሩን ስለሚበላው አስቀድማችሁ በሞረድ አለስልሱት። ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ባትሪ አቅልጦ እርሳስ ማፍሰስ የሚሉ አሉ፤ ለአንድ ክብደት ሲባል ጭሱን መሳብ ሞኝነት ነው።

ማባበያው የዶሮ ሆድ ዕቃ ወይም ጉበት ነው። ጉበቱን ጠዋት በአውራ ጣት ልክ ቁረጡና ጨው ነስንሳችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት፤ እስከ ማታ ውሃው ወጥቶ ይጠነክራል። መንጠቆው ላይ ስትሰኩት በስፌት ክር አምስት ስድስት ዙር ጠምጥሙት፣ አለበለዚያ ሲወረወር ለብቻው ይበራል። የመንጠቆው ጫፍ ከሥጋው ውጭ ይታይ፤ የተሸፈነ ጫፍ አጥንታማውን አፍ አይበሳም።

ዘንጉን መሬት ላይ በተተከለ ሹካ እንጨት አስደግፋችሁ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሩበት። ከእጀታው ደግሞ በሲባጎ ከችካል ጋር ይታሰር። የማጠንጠኛው ፍሬን ላላ ይበል፣ በእጅ ሲሳብ ክሩ የሚለቅ ያህል። ፍሬኑ ጠብቆ፣ ሲባጎም ሳይታሰር የተተወ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ቃጭሉ አንዴ ቅጭል ሲል ተዉት። ተከታትሎ ሲጮህና ክሩ ሲሄድ ዘንጉን አንሱ፣ ፍሬኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ሳቡ። ዓሣው መጀመሪያ ወደ ደንገሉ ነው የሚሮጠው፤ ዘንጉን ወደ ተቃራኒው ጎን አጋድማችሁ አስጥሉት። ሥሩ ውስጥ ከገባ በኋላ በኃይል መሳብ ክር መበጠስ ብቻ ነው፤ ክሩን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትጠብቁ ራሱ ሊወጣ ይችላል።

የግንባር ባትሪውን ውሃው ላይ አታብሩ፣ በተለይ ዳር ዳሩን። ቀይ ብርሃን ካለው እሱን ተጠቀሙ። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት አንዳንድ ፕላስቲክ ያበላሻል፣ ማባበያውንም ያሸተዋል፤ በእጅ ጀርባ ቀብታችሁ መዳፋችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጋቢ አትርሱ፣ የቢሾፍቱ ሌሊት በበልግም ያንቀጠቅጣል። ብቻችሁን አትሁኑ።

አምባዛ ሲወጣ በጎንና ጎኑ ያሉትን ሁለት የክንፍ እሾሆች ተጠንቀቁ። በወፍራም ጨርቅ ከራሱ ኋላ ይዛችሁ መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ፣ ጣት አፉ ውስጥ አይግባ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ማዳበሪያ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፤ "ሞቷል" ተብሎ የተተወ አምባዛ ተስቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። ጭንቅላቱን በዱላ መትቶ መግደል ለሱም ለሥጋውም ይሻላል።

በረዶ ለማግኘት ከመነሻው በፊት በነበረው ሌሊት ሃይላንዶችን ሦስት አራተኛ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ልኩ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው። ሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ፤ ከሐይቁ ዳር ራቅ ብሎ ይቀበር እንጂ ውሃ ውስጥ አይጣል። ዓሣው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ሆዱ ወደ ታች፣ በሃይላንዶቹ መካከል ይደርደር። የቀለጠው ውሃ ውስጥ እየዋኘ አዲስ አበባ የሚደርስ ዓሣ ሥጋው ይላሻል፣ ስለዚህ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ወይም የተገለበጠ ሰሃን አድርጉ። በበልጉ ውስጥ ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ይወደዳል፤ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለቤቱ ትተን፣ ቆሮሶውን ግን ያወጣችሁት ዕለት ጎኑን ሦስት ቦታ ተልትላችሁ ጥበሱት። አምባዛው ቅባት ስላለው ለጉላሽ ይሻላል፣ ቆዳው ተገፎ፣ ደም ያዘለው የጀርባ አጥንት በጥርስ ብሩሽ ተፈግፍጎ።