ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ከክሬዲት ሪፖርት ላይ አልነሳ ሲል

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ልትገዛ ስትነሳ የሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) ሰውዬ «ኮሌክሽን አለብሽ» አላት፤ ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ማለቱ ነው። ማታ ቤቷ ስሄድ ክሬዲት ሪፖርቷን፣ ማለትም የብድርና የአከፋፈል ታሪኳን መዝገብ፣ አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። 612 ዶላር ይላል። ከድሮ አፓርትመንቷ ስትወጣ የቀረ ሂሳብ ነው። የተከፈተበት ቀን የሚለው ቦታ ላይ «ጁን 2022» ተጽፏል። «እኔ እኮ ከዚያ ቤት የወጣሁት በ2019 መጀመሪያ ነው። ሰባት ዓመቱ እንደ አዲስ ሊቆጠርብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አይቆጠርም። ግን ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው ተደናግጦ ያለውን ገንዘብ አውጥቶ ሲሰጥ አይቻለሁ። ስለዚህ አሜሪካ ላላችሁ ከሚያጋጥማችሁ ምልክት ተነስቼ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አንዷን ቀን ፈልጉ

በፌደራሉ ሕግ ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ሪፖርት ላይ መቆየት የሚችለው ቢበዛ 7 ዓመት ከ180 ቀን ነው። በተግባር ሪፖርቱን የሚያወጡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ አብዛኛውን ጊዜ 7 ዓመቱ ሲሞላ ያነሱታል። ዋናው ጉዳይ ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የሚጀምረው መክፈል አቋርጣችሁ ከዚያ በኋላ ካልተመለሳችሁበት ቀን ነው። ማርች ላይ ሳትከፍሉ አለፋችሁ እንበል፤ ኤፕሪል ላይ ሁሉንም ከፈላችሁ። ኦገስት ላይ እንደገና አቋረጣችሁ፤ በዚያው ቀረ። ቆጠራው የሚጀምረው ከኦገስት ነው። ዕዳው ሦስት ጊዜ ቢሸጥም ያቺ ቀን አትለወጥም።

ሪፖርቱን በነጻ የምታገኙት አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ነው። ከሦስቱም በየሳምንቱ መውሰድ ይቻላል። ኢንተርኔት የሚያስቸግረው ሰው 1-877-322-8228 ይደውል። ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ዕዳው የሚነሳበትን ወርና ዓመት ይጽፋሉ። ኢኩዊፋክስ ደግሞ ክፍያው መጀመሪያ ያለፈበትን ቀን ያሳያል።

ምልክት፦ ዕዳው የድሮ፣ ቀኑ አዲስ

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ዕዳ ሰብሳቢው ዕዳውን ሲገዛ የራሱን መዝገብ ከፍቷል። «የተከፈተበት» የሚለው ያንን ቀን ነው እንጂ የእናንተን አይደለም። የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ይኸው ነበር። በደቃቅ ፊደል ከታች ስናነብ «ማርች 2026 ይነሳል» ይላል። ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። የምትከራከርበት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ያለፈበትን ቀን ራሱን ወደፊት ገፍቶት ከሆነ ሕግ ጥሷል። ያኔ የድሮ ስቴትመንት፣ ዋናው ኩባንያ የላከውን ደብዳቤ ወይም የቆየ ሪፖርት ፈልጉ። ትክክለኛውን ቀን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ይበቃል። ስህተቱ ለሚታይበት ለእያንዳንዱ ድርጅት በጽሑፍ ዲስፒዩት አድርጉ፤ ስህተት ነው ብላችሁ ተቃወሙ ማለት ነው። ኮፒውን ላኩ፣ ኦሪጅናሉን አስቀሩ። በሰርቲፋይድ ሜይል ብትልኩት መድረሱን የምታረጋግጡበት ደረሰኝ ይኖራችኋል። በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው፤ አንዳንዴ እስከ 45 ቀን ይፈቀድላቸዋል። ለሰብሳቢውም ያንኑ ጻፉ።

ምልክት፦ ከፍያለሁ፣ ግን አሁንም አለ

መክፈል መዝገቡን አያጠፋውም። «ተከፍሏል» ተብሎ እስከ ጊዜው ይቆያል። ስኮራችሁ (የክሬዲት ነጥባችሁ) ይሻሻል እንደሆነ የሚወሰነው አበዳሪው በሚጠቀመው ስሌት ነው። ፋይኮ 9ና 10፣ እንዲሁም ቫንቴጅስኮር 3ና 4 የሚባሉት ስሌቶች የተከፈለ ኮሌክሽንን አይቆጥሩም። ፋይኮ 8 ግን ዕዳው ሲጀምር ከ100 ዶላር በታች ካልነበረ ቢከፈልም ይቆጥረዋል። የሞርጌጅ አበዳሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩባቸው የኖሩት የቆዩ ስሌቶችም ይቆጥሩታል።

መፍትሄው ከመክፈላችሁ በፊት ነው። «ብከፍል ከሪፖርቱ ላይ ታነሱታላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ የማለት ግዴታ የለባቸውም። እሺ ካሉ ግን በጽሑፍ ይስጧችሁ። በስልክ የተባለ ነገር ላይ ገንዘብ አትላኩ።

የሕክምና ዕዳ ለብቻው ይታያል። ሦስቱ ድርጅቶች ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን ያነሳሉ፤ ያልተከፈለውንም አንድ ዓመት ሳይሞላው አያወጡም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የነበረውን አያሳዩም። የ300 ዶላር የሆስፒታል ዕዳ ካያችሁ ዲስፒዩት አድርጉት፤ እዚያ መኖር የለበትም።

ምልክት፦ አንዱ ዕዳ ሁለት ቦታ

ዋናው አበዳሪ «ቻርጅ ኦፍ» (አይከፈለኝም ብሎ እንደ ኪሳራ የያዘው) ብሎ መዝግቦታል፣ ሰብሳቢው ደግሞ በራሱ ስም። ይህ ይፈቀዳል፤ ግን ዕዳው ከተሸጠ የዋናው ቀሪ ሂሳብ ዜሮ መሆን አለበት። ሁለቱም የሚነሱት በአንዷ ቀን ተቆጥሮ ነው። ሁለት ሰብሳቢ ያንኑ ዕዳ አሁንም የኔ ነው ካሉ ግን አንዱ ስህተት ነው።

ምልክት፦ ከሪፖርቱ ጠፍቷል፣ ግን ይደውላሉ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ሁለት የተለያየ ቆጠራ አለ። አንዱ የሪፖርቱ ነው። ሌላው እስከ መቼ ሊከሱን ይችላሉ የሚለው ነው፤ ይህን የሚወስነው ስቴቱ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ በአብዛኛው 3 ዓመት ነው። ቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተፈረመ ውል 5፣ ካሊፎርኒያ 4። ዕዳው ከሪፖርት ሲነሳ ዕዳነቱ አይቀርም፤ መጠየቅም ይችላሉ።

ታክሲ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ እየነዳ ሳለ ተደወለለት። ድምፁ ትሁት ነው። «ቅንነትህን ለማሳየት ያህል ዛሬ 20 ዶላር ብቻ ላክልን» አሉት። እኛ ደግሞ ዕዳ አለብህ ስንባል እናፍራለን፤ የሰው ገንዘብ በልቶ መቅረት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ካርዱን ሊሰጣቸው ሲል ስልኩ ተቋረጠ። በብዙ ስቴት ያቺ 20 ዶላር፣ ወይም «አዎ ዕዳው የኔ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ የክስ ቆጠራውን ከዜሮ ታስጀምራለች። የሪፖርቱን ቆጠራ ግን ምንም አታደርገውም።

ስለዚህ ሲደውሉ «በጽሑፍ ላኩልኝ» ብላችሁ ዝጉት። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ማስረጃ አምጡ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እስኪያቀርቡ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለባቸው። ጊዜው ባለፈ ዕዳ መክሰስም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ለሰብሳቢ ክልክል ነው።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን፣ እባካችሁ፣ ጊዜው አልፏል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ዳኛው ጊዜ ማለፉን ራሱ አይፈትሽላችሁም። ቀርባችሁ «ጊዜው አልፏል» ማለት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ሊፈረድባችሁና ከደሞዛችሁ ሊቆረጥ ይችላል። አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ነጻ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ቢሮዎችም አሉ።

ምልክት፦ ይህ ዕዳ የኔ አይደለም

እኛ ላይ ይህ ከባድ ነው። የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይጻፋል፤ አንዱ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ስደተኛ ሆነው ከመጡት ውስጥ ብዙው ልደቱ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ የአንዱ መዝገብ ሌላው ላይ ሊገባ ይችላል። ሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ ያለውን የስምና የአድራሻ ክፍል እዩ። ኖራችሁበት የማታውቁት አድራሻ ካለ የሌላ ሰው መዝገብ ተቀላቅሎባችሁ ሊሆን ይችላል። መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት አያይዛችሁ ዲስፒዩት አድርጉ።

አንድ ሰው ሆን ብሎ በስማችሁ ተበድሮ ከሆነ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት አድርጉ። ያንን ከመታወቂያችሁ ጋር ለክሬዲት ድርጅቱ ከላካችሁ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ዕዳውን ማገድ አለበት። በዚያው ቀን ክሬዲታችሁን ሦስቱም ጋ አስቆልፉ («ፍሪዝ» ይባላል)። ነጻ ነው፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ትከፍቱታላችሁ።