የሉዊዝ ፋራንክን ኦቨርቸር በዐሥር ሰው መጫወት

ፈረንሳዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ሉዊዝ ፋራንክ (1804–1875) በ1834 ሁለት የኦርኬስትራ ኦቨርቸሮች (የመክፈቻ ሙዚቃዎች) ጽፋለች፦ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 23 በኢ ማይነር፣ ኦፐስ 24 በኢ ፍላት ሜጀር። አዳማ ውስጥ ሦስት ቫዮሊን፣ ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ያለው ቡድን በኦፐስ 23 ይጀምር። ኢ በቫዮሊንም በቤዝ ጊታርም ክፍት ክር ስለሆነ ጀማሪዎች ድምፃቸውን በእሱ ያርማሉ።

ኖታውን ስታከፋፍሉ ከመሐል ጀምሩ። አብዛኛው ቡድን ዜማውንና ቤዙን አስቀድሞ ሰጥቶ የተረፈውን ለኪቦርድ ይጥላል፤ ይህን ሥራ የሚገድለውም እሱ ነው። ፋራንክ የሙዚቃ ደራሲውና መምህሩ የአንቶን ራይካ ተማሪ ነበረች፤ የመሐል ድምፆቿ ማጀቢያ ብቻ ሳይሆኑ ከዜማው ጋር የሚነጋገሩ ናቸው። ስለዚህ ከሦስቱ ቫዮሊኖች አንዱ ሁለተኛ ቫዮሊን ብቻ ይጫወት፤ ቢቸግርም ወደ ዜማው አይዛወር።

ቪዮላ (ከቫዮሊን ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ባለ ክር መሣሪያ) ከሌላችሁ ክፍሉን ለአልቶ ሳክስፎን ስጡት። ለቫዮሊን ከሰጣችሁት ከጂ በታች ያለውን ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ያኔ የመሐሉ ድምፅ ከዜማው በላይ ወጥቶ ይጋጫል። አልቶው ከቪዮላው ዝቅተኛ ኖታ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሲቀረው ይደርሳል። ነገር ግን ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ ተጫዋቹ ከቫዮሊኖቹ ኋላ ተቀምጦ በቀስታ ይንፋ። የአልቶው ኖታ ከሚሰማው ድምፅ በሜጀር ስድስተኛ ከፍ ብሎ ይጻፋል፤ ኢ ማይነር ለእሱ ሲ ሻርፕ ማይነር፣ አራት ሻርፕ ነው። ለቢ ፍላት ክላሪኔትና ትራምፔት አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ይላል፦ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ሦስት ሻርፕ። የሆርኖቹን ክፍል ኪቦርዱ ይያዝ፤ ግን በሆርን ድምፅ እንጂ በስትሪንግ አይሁን፣ ከቫዮሊኖቹ ጋር ይቀላቀላልና። የቲምፓኒውንም (በኖታ የሚቃኘው ትልቅ ከበሮ) ኖታ የኪቦርዱ ግራ እጅ ይምታ፤ የድራም ሴት ቶም የተወሰነ ኖታ ስለሌለው አይተካውም።

በኢ ማይነር ወደ ኢ የሚመራውን፣ ከኢ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለውን ዲ ሻርፕን ለብቻው አጥኑ። በትዝታ ሜጀር ቅኝት የለመደ ጆሮ ግማሽ ድምፅ አይጠብቅም፤ ከዲ ሻርፕ ወደ ኢ ሲሄድ ዲ ሻርፑን ዝቅ አድርጎ ይጫወተዋል። ኪቦርዱ ኢን ይዞ ይቆይ፣ ሁሉም በየተራ ዲ ሻርፕ–ኢ እያለ በድምፁ ይዘምር፣ ከዚያ በመሣሪያው ይጫወት።

ዝግተኛው መግቢያ ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን አየርና ደጋን ቀድመው ስለሚያልቁ ነው። እስትንፋስ የሚወሰድበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፈጣኑን ክፍል በሜትሮኖም (ፍጥነት መለኪያ) በደቂቃ ከ80 ምት ጀምራችሁ በየልምምዱ በ4 ጨምሩ። ቫዮሊኖቹ በደጋኑ መሐል፣ በአጭር ምት ይጫወቱ፤ ሙሉ ደጋን ከተጠቀሙ ፈጣኖቹ ኖታዎች እርስ በርስ ይዋጣሉ።

ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ሲጨምር የትንፋሽ መሣሪያ ከፍ፣ ክር ዝቅ ይላል። በትንፋሽ መሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፁ ወደ 3 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ያህል ይወጣል። ስለዚህ ነፊዎቹ 10 ደቂቃ ነፍተው ከሞቁ በኋላ ከኪቦርዱ ኤ (440) ጋር ተቃኙ፤ ከመግቢያው በኋላም ቫዮሊኖቹን ደግማችሁ ፈትሹ። መስኮት ከፍታችሁ የምትለማመዱ ከሆነ የአዳማ ንፋስ ወረቀቱን ይገለብጠዋል፤ እያንዳንዱን ገጽ ከላይና ከታች በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።