ፓይራና ሚትራ በስማሽ አልቲሜት፦ ችግርና መፍትሄ

ፓይራና ሚትራ «ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ 2» ከተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ተነሥተው «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት» የተባለውን የኒንቴንዶ ስዊች የፍልሚያ ጨዋታ የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ነው። በአንድ ተፋላሚ ቦታ የሚሰለፉ ሁለት ሰይፈኞች ናቸው፤ ተጫዋቹ ስቲኩን (የመቆጣጠሪያውን ዘንግ) ወደ ታች ይዞ የልዩ ጥቃት ቁልፉን ሲጫን አንዷ ወጥታ ሌላዋ ትገባለች። በዚህ ጨዋታ ጉዳት በመቶኛ ይቆጠራል፤ መቶኛው ከፍ ባለ ቁጥር የተመታው ርቆ ይወረወራል፣ ከመድረክ ርቆ የወጣም ሕይወት ያጣል። የሁለቱ ጉዳት የጋራ ስለሆነ ቅየራው መቶኛውን አይቀንሰውም። ጨዋታው አስቀድሞም ሰይፈኛ ሞልቶት ስለነበር «ደግሞ ሌላ ሰይፍ?» ብለው ያጉረመረሙ ብዙ ነበሩ፤ ቅሬታው ከንቱ ነው ባይባልም፣ ሚትራ በፍጥነቷ ፓይራ በምቷ ክብደት ስለሚለያዩ የእነዚህ አያያዝ ከሌሎቹ ሰይፈኞች የተለየ ነው። ጀማሪዎችን የሚገጥሟቸው ችግሮች በአብዛኛው የሚመነጩት አንዷን ወድደው ሌላዋን ከመርሳታቸው ነው።

ተፋላሚዎቹ በመምረጫው ገጽ ላይ አይታዩም

መነሻው የአጨዋወት ጉድለት አይደለም። በጨዋታው ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ነባር ተፋላሚዎች በመጫወት ብዛት ይከፈታሉ፤ ፓይራና ሚትራ ግን ተከፍሎባቸው የሚጨመሩ በመሆናቸው መቶ ጊዜ ቢጫወቱም በራሳቸው አይመጡም። ለብቻቸው ወይም ከሁለተኛው የተፋላሚዎች ጥቅል ጋር መግዛት፣ ጨዋታውንም ወደ 11.0.0 ወይም ከዚያ ወደሚበልጥ ስሪት ማዘመን ያስፈልጋል። ግዢው በሌላ የቤተሰብ አባል አካውንት ተፈጽሞ ከሆነ፣ በዚህ ኮንሶል (የጨዋታ ማሽን) ላይ እንዲሠራ መፈቀዱ መረጋገጥ አለበት። ከማዘመን በፊት ግን አንድ ነገር መታሰብ ይኖርበታል፤ በቀድሞው ስሪት የተቀመጡ የግጥሚያ ቅጂዎች በአዲሱ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ሊቀመጥ የሚገባው ግጥሚያ ካለ ቀድሞ ወደ ቪዲዮ ይለወጥ።

የተጋጣሚው ጉዳት 150 በመቶ ቢያልፍም ከመድረክ አይወጣም

ይህ የሚትራ ወዳጆች ሁሉ ችግር ነው። ሚትራ ፈጣን በመሆኗ ተጋጣሚውን ደጋግማ ታገኛለች፣ ጉዳቱንም በፍጥነት ታከማቻለች፤ ምቷ ግን ቀላል ስለሆነ የመጨረሻውን ውርወራ ከእርሷ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። በዚህ መካከል ተጋጣሚው አንድ ከባድ ምት ካሳረፈ የተገኘው ብልጫ ሁሉ ይጠፋል። መፍትሄው ጉዳቱ ከፍ ሲል ወደ ፓይራ መቀየር ነው፤ ወደ ጎን የምትሰነዝረው «ስማሽ» የተባለው ከባድ ጥቃት በተለይ በመድረኩ ጠርዝ አካባቢ ካረፈ ሚትራ ልትጨርስ ከምትችልበት እጅግ ቀድሞ ይጨርሳል።

የቅየራው ጊዜ ከቅየራው ራሱ ይበልጣል። መቀየር ጥቃት ስላልሆነ በተጋጣሚው ፊት ለፊት ቆሞ የሚቀይር ሰው ለራሱ ቅጣት ይጋብዛል። ተስማሚው ወቅት ተጋጣሚው ርቆ በተወረወረበት፣ እየተመለሰ ባለበት ወይም ሕይወት አጥቶ ገና ባልመጣበት ቅጽበት ነው። ፓይራ ከገባች በኋላ ደግሞ ያንኑ ከባድ ምት እንደ ማስፈራሪያ በባዶ መሰንዘር አይገባም፤ ዘገምተኛ ስለሆነ ንቁ ተጋጣሚ ይቀጣበታል። ጨዋታው በቅርብ ያረፉ ዘጠኝ ጥቃቶችን እየመዘገበ የተደጋገመውን ምት ኃይል እንደሚቀንስም መታወስ አለበት፤ መጨረሻ ላይ የሚፈለግ ምት ቀድሞ ሊደክም አይገባውም።

ከመድረክ ውጭ ከተወረወረች አትመለስም

የሁለቱም ትልቁ ድክመት ይህ ነው፣ መድኃኒቱም ሙሉ አይደለም። የፓይራ «ፕሮሚነንስ ሪቮልት» የተባለው ጥቃት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣና ተመልሶ ይወርዳል፤ ወደ ጎን የሚሰጠው ርቀት ጥቂት ስለሆነ ከጠርዙ ርቃ ያለች ፓይራ በእርሱ ብቻ አትድንም። ሚትራ በአንጻሩ «ፎቶን ኤጅ» የተባለው ጥቃቷ ወደ ጎን በፍጥነት ይወስዳታል፤ ከእርሱ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማድረግ ስለማትችል ርቀቱ ካልበቃ መውደቋ ነው።

በመሆኑም በአየር ላይ የሚዘለለውን ሁለተኛ ዝላይ ገና በተወረወሩበት ቅጽበት ማባከን የችግሩ ግማሽ ነው። መጀመሪያ ስቲኩን ወደ መድረኩ አዘንብሎ መቅረብ፣ ከዚያ ዝላዩን፣ በመጨረሻም የሚያነሣውን ጥቃት መጠቀም ይሻላል። ጎን ርቆ ከፍታ ያለ ሰው «ፎቶን ኤጅ»ን ይምረጥ፤ ከጠርዙ ሥር ያለ ሰው ወደ ላይ የሚያነሣውን ይያዝ። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ የሚመለስን ተጫዋች ተጋጣሚው በሦስተኛው ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሳይፈለግ ቅየራው ይነሣል

አልቲሜት ቁልፍ ትንሽ ቀድሞ ቢጫንም ትእዛዙን ለዘጠኝ ፍሬም (የስክሪን ምስል) ያህል ይዞ ያቆያል፤ ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ ይህ 0.15 ሰከንድ ገደማ ነው። በድንጋጤ ስቲኩን ወደ ታች ይዞ ቁልፉን የሚደጋግም ሰው ተፋላሚው ነጻ በሆነበት ቅጽበት ሳይፈልግ ቅየራ ያገኛል። መፍትሄው ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ መጫን ነው። በመቆጣጠሪያ ቅንብር ውስጥ የስቲኩን ንቃት ዝቅ ማድረግም ለአንዳንዶች ይረዳል፤ ቅንብሩን በየግጥሚያው መቀያየር ግን እጅን ያደናግራል።

«ፎርሳይት» አይመጣም

«ፎርሳይት» የተባለው የማምለጥ ችሎታ የሚትራ ብቻ ነው፤ ፓይራን ይዞ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም። የተጋጣሚው ጥቃት ሚትራ ማምለጥ ገና በጀመረችበት ቅጽበት ከደረሰ ተጋጣሚው ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል፣ ሚትራም ትመታዋለች። ጥቃቱን ሳያዩ ማምለጥን መደጋገም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ጊዜው አይገጥምም፣ የተደጋገመ ማምለጥም በጨዋታው ሕግ እየደከመ ይሄዳል። በቤት ውስጥ እየተሳካ በኢንተርኔት ግጥሚያ ላይ የሚከሽፍ ከሆነ ጥፋቱ የግንኙነቱ መዘግየት ሊሆን ይችላል፤ ግጥሚያው በሁለቱ ተጫዋቾች ኮንሶሎች መካከል በቀጥታ ስለሚካሄድ የአንዱ ደካማ ዋይፋይ ሁለቱንም ያዘገያል። ኮንሶሉን በገመድ ማገናኘት ይረዳል፤ ተጋጣሚው ሩቅ አገር ካለ ግን ገመዱ ርቀቱን አያሳጥረውም፣ እንዲህ ባለው ግጥሚያ ላይ ከማምለጥ ይልቅ በመከላከያ ጋሻው መተማመን ይሻላል።